ባለ ግራጫው ባርኔጣ፣ ይነሱ!

ሰው በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ለምን መቀመጥ እንደማይፈቀድለት እስካሁን አጥጋቢ ምክንያት የሰጠኝ የለም። ባቡር ውስጥ ይቀመጣል። አውቶቡስ ውስጥ ይቀመጣል። ከመንገድ ወደ ባቡሩ በሚያወርደው ደረጃ ላይ ግን አረፍ ካለ ወንጀለኛ ይሆናል። ደረጃቸው አጭር በሆኑ ከተሞች ጥያቄው ላይነሳ ይችላል። እኛ የፒተርስበርግ ሰዎች ግን ረግረግ ላይ ነው የምንኖረው፤ ባቡሮቻችን ጭቃውንና አሸዋውን፣ የወንዙንም ወለል አልፈው ጠንካራው ሸክላ አፈር ውስጥ ነው የሚሄዱት። ደረጃውን የረገጠ ሰው ታች እስኪደርስ ጋዜጣውን ያጋምሳል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ተጣልተው ይታረቃሉ። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ቆመህ ውረድ ማለት የማሰብ ስንፍና ነው። ድሮም ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ።

ጣቢያዎቻችንን «የሕዝብ ቤተ መንግሥት» እያሉ እብነ በረዱን ሲያወድሱ የሚውሉም አሉ። እብነ በረዱን ይተዉት። የሜትሯችን፣ የዚህ የምድር ውስጥ ባቡር፣ ቁም ነገር ቁልቁለቱ ነው። ጣሪያው ክብ ነው፤ መብራቶቹ በመሃል በመሃል ተተክለው እየራቁ፣ እየራቁ፣ መጨረሻቸው አይታይም። ከታች ሞቅ ያለ፣ የማሽን ዘይትና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ያለው ነፋስ ይመጣል። ከጎንህ ባለው ደረጃ ሌሎች ሰዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። አፋቸውን ገጥመው፣ ዓይናቸውን የሆነ ቦታ ጥለው፣ ከውኃ ሥር እንደሚንሳፈፍ ሰው ቀስ ብለው ያልፉሃል። አንዲት ሴት ታይሃለች፣ ታያታለህ፣ ታልፍሃለች፤ በሕይወትህ ዳግም አታገኛትም፤ አንተም ቅር አይልህም። በቫሲሊ ደሴት ያለው ጣቢያችን ደግሞ ታች ከወረድክ በኋላ ባቡሩን እንኳ አታየውም። ረጅም አዳራሽ ነው፤ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ የብረት በሮች ተዘግተዋል። ከግድግዳው ጀርባ የሆነ ነገር እያጉረመረመ ይመጣና ይቆማል። ከዚያ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ውስጡ ብርሃን ነው፣ ሰው ይገባል። ሕልም ላይ በር ሲከፈትለት ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለምና እኛም አንጠይቅም።

እኔ ጌርማን ላቭሬንትዬቪች እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሎጂክ አስተምር ነበር። ባለቤቴ አግላያ ከሞተች በኋላ ጉልበቴ መታመም ጀመረ፤ አንድ ጠዋትም ቁልቁለቱ መሃል ስደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ባለ ግራጫው ባርኔጣ! ይነሱ! ደረጃው ሶፋ አይደለም!»

ድምፁ የሴት ነው፤ ወፍራም ነው፤ ከየት እንደመጣ ግን አይታወቅም። ከመብራቶቹ ሁሉ ውስጥ በአንድ ጊዜ የወጣ ይመስል ነበር። አጠገቤ የነበሩት ተማሪዎች ሳቁ። ተነሳሁ፤ ግን ዝም አላልኩም። ጣቴን ወደ ጣሪያው ቀስሬ ማን እንደከለከለ፣ ለምን እንደከለከለ፣ ቆሞ የሚወድቅ ሰው ከተቀመጠው ይልቅ እንዴት የባሰ እንደሚጎዳ አስረዳሁ።

ንግግሬን ስጨርስ «አሁን ደግሞ መደገፊያውን ይያዙ» አለኝ ድምፁ።

ታች ስደርስ ከደረጃው ሥር ያለችው የመስታወት ጎጆ ውስጥ ደረጃውን የምትቆጣጠረው ተረኛ ተቀምጣለች። ከስክሪኗ በላይ የሚታየው የደንብ ባርኔጣዋና የግንባሯ ጠርዝ ብቻ ነው። መስታወቱን አንኳኳሁ። ቀና ሳትል በብዕሯ ጫፍ መስታወቱ ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ጠቆመችኝ፦ «ተረኛዋ ለጥያቄ መልስ አትሰጥም» ይላል። ይህ ወረቀት በየጣቢያው አለ። ጥያቄ የማይመልስ ሰው ድምፅ ማጉያ ይሰጠዋል እንግዲህ! እንዲህ ያለ ነገር የትም አይገኝም።

በማግሥቱ ሆን ብዬ ተቀመጥኩ።

«መጡ?» አለችኝ ከጣሪያው። «እኔኮ ሶፋ የሚገዙ መስሎኝ ነበር። ይነሱ!»

እንዲህ ተጀመረ። ማታ ቤቴ ክርክሬን አዘጋጃለሁ፤ ጠዋት ቁልቁለቱን ይዤ ቁጭ እላለሁ፤ ትጠራኛለች፤ እነሳለሁ፤ እየወረድኩ እናገራለሁ። ከመሃል እስከ ታች ለአንድ የተሟላ ንግግር ይበቃል። ስጨርስ እሷ ትቀጥላለች፦ «ዛሬ ባርኔጣ ቀየሩ፣ አመል ግን አልቀየሩም» ትላለች። ወይም «ጣትዎን ያውርዱ፣ መብራት ይሰብራሉ» ትላለች። አንድ ቀን «ዛሬ አረፈዱ» አለችኝ። ያን ቀን ያዘጋጀሁትን ንግግር ረሳሁት። ታች ወርጄ አንድ ጣቢያ እሄዳለሁ፣ ዞሬ እመለሳለሁ። የትም የምሄድበት ጉዳይ አልነበረኝም።

ታዲያ በበጋው ጣቢያው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ደረጃዎቹ አርጅተዋል፣ ይቀየራሉ፣ ጣቢያው አንድ ዓመት ያህል ይዘጋል ይላል። ይህ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ተራ በተራ ይዘጋሉ። በመጨረሻው ቀን ወረድኩ፤ ጎጆዋ ውስጥ ሌላ ሴት ነበረች። ተቀመጥኩ። «እባክዎ ይነሱ» አለችኝ ሌላዋ፣ በጣም በትሕትና። እንዲህ ያለ ባዶ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም።

ወዳጄ አርካዲ ዚኖቪዬቪች ጡረታ የወጣ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ኮኒዩሼናያ መንገድ ላይ ባለው ፒሽካ ቤት ተቀምጠን፣ ትኩሱን ፒሽካ፣ በዘይት የተጠበሰ ቀለበት ዳቦ ነው፣ በስኳር ዱቄት እያጠቀስን፣ ነገሩን ነገርኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ፍቅር ይዞሃል» አለኝ።

«ከድምፅ ማጉያ ጋር?»

«ከዚህ ከባሰ ነገር ጋር የያዘውም ሰው አውቃለሁ። ስሟ ማነው?»

«አላውቅም።»

«መልኳስ?»

«ግንባሯን አይቻለሁ።»

አርካዲ ሳቁን ሲለቀው የስኳሩ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ በነነ። «ሂድና አለቆቿን ጠይቃቸው እንጂ! የት እንደተመደበች ይነግሩሃል።»

«ጠይቄያለሁ። የሠራተኛ ጉዳይ ለውጭ ሰው አይነገርም አሉኝ። ዘመዷ ነህ ወይ አሉኝ። ባላጋራዋ ነኝ አልኳቸው።»

«እንዲህ ብለሃቸው ነው እንዴ ይነግሩኛል ብለህ የጠበቅከው?» አፉን ጠረገ። «እንግዲህ አንድ መንገድ ነው ያለህ። በየጣቢያው ዙርና ተቀመጥ። ካለች ትጮህብሃለች።»

እየቀለደ ነበር። እኔ ግን በማግሥቱ ጀመርኩ።

በቀዩ መስመር ጀመርኩ፤ ከዚያ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው፣ ብርቱካናማው፣ ወይን ጠጁ። ጥልቅ ጣቢያ ሳገኝ እወርዳለሁ፤ ቁልቁለቱ መሃል ላይ እቀመጣለሁ፤ እጠብቃለሁ። የከተማዬን ድምፆች ያወቅኋቸው ያኔ ነው። አንዷ ከእንቅልፏ እንደነቃች ሆና «ማነው እዚያ የተቀመጠው» ትላለች፤ መልስ የምትፈልግ አይመስልም። ሌላዋ የልጅ እናት መሆን አለባት፦ «እንነሳለን፣ ጎበዝ፣ እንነሳለን» ትለኛለች። በሌላው ጣቢያ ሰው አልተናገረኝም፤ የተቀዳ ድምፅ ስለ ፀጉር ካፖርትና ስለ ብድር ይለፍፋል። ሰውን ከመሬት ሆድ ውስጥ አስገብተህ፣ ማምለጫ አሳጥተህ፣ ብድር ውሰድ ማለት ምን የሚሉት ክፋት ነው? እዚያ ጣቢያ ሁለተኛ አልሄድኩም።

መጸው መጣ፣ ክረምቱ ገባ። ላይ ከተማው ይጨልማል፤ በረዶው ከጨው ጋር ተቦክቶ ጫማ ይበላል። ታች ግን ወቅት የለም። ሁልጊዜ ያው ነፋስ፣ ያው ብጫ ብርሃን። ባቡሩ ኔቫ ወንዝ ሥር ሲያልፍ ጆሮ ይደፈናል፤ እኔም በዚያ ድፍንነት ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ስነቃ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለሁ አላውቅም። በሩ ይከፈታል፤ ነጭ ምሰሶ፣ ወይም ቀይ ግድግዳ፣ ወይም ሰማያዊ መስታወት አያለሁ፤ ይዘጋል። በሕልሜ ደግሞ ጣቢያ የሌለው መስመር አየሁ። ቁልቁለት ብቻ ነው። አንዱ ደረጃ ያልቃል፣ ሌላው ይጀምራል፣ መብራቶቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ ድምፅዋ ሁልጊዜ ከሚቀጥለው ቁልቁለት ሥር ነው። ቃሉ አይሰማም። እንደምትቆጣ ብቻ አውቃለሁ፤ ሕልሜ ውስጥ ደስ ይለኛል።

የነቃሁ ጊዜ ግን ሁሉም ደስ የሚል አልነበረም። አንድ ጣቢያ ተቀምጬ ሳለሁ የአንዲት ወጣት ድምፅ ተሰማ፦

«አባባ፣ ደህና ነዎት? ልብዎን ነው?»

«ደህና ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አልሰማችኝም። ደረጃውን አቆመችው። ከላዬም ከታቼም ሰው ተንገዳገደ።

«ምን ሆነ?» አለ አንዱ።

«ሽማግሌ ተቀምጦ ነው።»

«ቤቱ አይቀመጥም?»

«አባባ፣ እኔኮ ሥራ አለኝ! እርስዎን ተሸክሜ ልውረድ?» አለ ሌላው ከኋላዬ።

ታች ወጣት ፖሊስ ጠበቀኝ። መታወቂያዬን ገለባብጦ አየው።

«ለምንድነው የተቀመጡት፣ አባት?»

«ሰው እየፈለግሁ።»

«ሰው ቁጭ ብሎ ነው እንዴ የሚፈለገው?»

የሎጂክ መምህር ነኝ፤ ጥያቄው ትክክል ነበር። «ሁለተኛ እንዳላይዎት» አለና ለቀቀኝ።

ለአርካዲ ስነግረው በዚህ ጊዜ አልሳቀም። «ጌርማን፣ ተው። ጡረታ ወጥታ ይሆናል። ወይ ወደ ልጇ ሄዳለች። አንተ ደግሞ ጉልበትህ አልቋል። ብታገኛትስ ምን ልትላት ነው?»

«ያልጨረስኩት ክርክር አለ።»

«ክርክር! አግላያ ስትኖር ከእሷ ጋር ትከራከር ነበር። አሁን ማንም የለህም። በቃ፣ ይሄው ነው ነገሩ።»

ተቆጥቼ ሒሳቡን ሳልከፍል ወጣሁ። የሚያናድደው ነገር ልክ መሆኑ ነው።

በሚያዝያ ላይ የላዶጋ ሐይቅ በረዶ በኔቫ መውረድ ጀመረ፤ ኮሪዩሽካ የምንላት ትንሽ ዓሣ ገበያውን ሞላችው፤ ከተማው በሙሉ እንደ እሷ ኪያር ኪያር ሸተተ። ያልሄድኩባቸው ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው። ከወንዙ ማዶ ወዳለ አንድ ጣቢያ ሄድኩ። ስሙን አልናገርም፤ ሌላ ሰው ሄዶ እንዲቀመጥበት አልፈልግም። በጣም ጥልቅ ነው። ከላይ ሲያዩት ታቹ አይታይም፤ ሰዎቹ እየቀነሱ እየቀነሱ ሄደው ብርሃኑ ውስጥ ይጠፋሉ።

ተቀመጥኩ። ማንም አልተናገረኝም።

ጥቂት ጠበቅሁ። መብራቶቹ አንድ በአንድ አለፉኝ። ከጎኔ የሚወጡት ሰዎች ያዩኛል፤ ፊታቸው ያልፋል። ዝም። እዚህም የለችም ማለት ነው። ተነስ ያለኝ ሰው ስለሌለ አልተነሳሁም። ጉልበቴም እውነቱን ለመናገር እሺ አላለኝም። እንዲሁ እንደተቀመጥኩ፣ ሰው ትንሽ እንቅልፍ ሲያታልለው እንደሚሆነው፣ ወረድኩ። የካፖርቴ ጫፍ ከኋላዬ ደረጃው ላይ ተዘርግቶ እንደነበር አላስተዋልኩም። ታች ስንደርስ፣ ደረጃው ወለል ሥር የሚገባበት የብረት ጥርስ ጨርቁን ያዘው። ጎተተኝ። በጀርባዬ ወደቅሁ።

ደረጃው በኃይል ቆመ። ከኋላዬ ጩኸት ሆነ። ከዚያ አንዲት አጭር፣ ወፍራም ሴት፣ ባርኔጣዋ ወልቆ፣ ከመስታወት ጎጆዋ እየሮጠች መጣች። ተረኞች ከጎጇቸው መውጣት አይፈቀድላቸውም።

«ካፖርቱን ያውልቁ! እጅዎን! በዚህ በኩል! ወይኔ፣ ምን አደረግሁ፣ ወይኔ!»

ድምፅዋ ቀጭን ነበር። እንደ ልጅ ድምፅ የሚሰባበር። አላወቅሁትም። እጅጌዬን ስባ አወጣችኝ፤ ሁለት ወጣቶች ብብቴን ይዘው አነሱኝ። ካፖርቴ ወለሉ ሥር ግማሽ ገብቶ ቀረ።

«ተጎዱ? እግርዎ ይንቀሳቀሳል? ያንቀሳቅሱት እስኪ! ሌላውንም!»

«ይንቀሳቀሳል። አይጩሁብኝ።»

«እኔ አልጮህኩም! አለመጮኼ ነው ጥፋቱ!» አለችና እንባዋ መጣ።

ያን ጊዜ ግንባሯን አየሁት፤ እሷ ናት፤ ድምፅዋን ያወፈረው ማጉያው ነበር።

ዚናይዳ የምትባል ባልደረባዋ መጥታ ቦታዋን ለጊዜው ተረከበች፤ መካኒኮች ጥርሱን ከፍተው ካፖርቱን አወጡት፤ ደረጃው እንደገና ሄደ። እኔን አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ትንሽ ቆይታ ካፖርቴን በክንዷ ይዛ መጣች። ከወገቡ በታች ዘይት ነክቶት ተቦጫጭቋል። ደረቷ ላይ ስሟ ተጽፏል፦ ኒኔል ማትቬዬቭና። አጠገቤ ተቀመጠች፤ ካፖርቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የተቀደደውን ትገጣጥም ጀመር።

«አላየሽኝም ነበር?» አልኳት። አንቺ ያልኳት ሳላስበው ነው።

«አይቼዎታለሁ። ገና ከላይ ሲገቡ። በባርኔጣው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ዛሬ ካልጮህኩ ምን ይሉ ይሆን ብዬ። ይነሳሉ ብዬ ነበር። ሰው አንድ ጊዜ ተነስ ካልተባለ ይነሳ የለም እንዴ?»

«እኔ አልነሳም።»

«አየሁ!» አለችና፣ ከእንባዋ ጋር ሳቀች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በእግዜር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ነበር የሚሉት?»

«እንዴት ምን?»

«ጣትዎን አንስተው። እየወረዱ።»

«አልሰማሽም?»

«የት እሰማለሁ! መስታወት ውስጥ ነኝ፣ ሞተሩ ከእግሬ ሥር ነው። አፍዎ ሲንቀሳቀስ ነው የማየው። ሲያቆሙ ይታየኛል፣ ያኔ እኔ እናገራለሁ።»

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ፤ ይህኛው ግን የተለየ ነበር። ያ ሁሉ ንግግር! በማስረጃ የተደገፈ፣ ከጥንት እስከ ዛሬ የተመዘዘ፣ ማታ ማታ ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ የተለማመድኩት! አንዱን ቃል እንኳ የሰማ የለም። እዚህም እንደ ደሴቱ ጣቢያ ከግድግዳው ጀርባ ባቡር መጣ፤ በሮቹ ተከፈቱ፤ ሰዎች እንደ እንቅልፋሞች በፊታችን አለፉ፤ በሮቹ ተዘጉ።

«ስገምት ነበር» አለች ኒኔል ማትቬዬቭና። «አንዳንዴ ይሰድበኛል እላለሁ። አንዳንዴ ግጥም ነው እላለሁ። እዚህ ሲያዛውሩኝ፣ አሁን ሳላውቀው ቀረሁ ብዬ... ተውት። ምን ነበር?»

የመጀመሪያውን ነጥብ ልናገር አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ነጥብ የለም። ሁለተኛውም የለም። ጣቴን እንኳ አነሳሁት፤ ጣቴ ባዶ ነበር።

«ቤቴ ውስጥ ተነስ የሚለኝ ሰው ጠፍቶ ነው» አልኩ።

የካፖርቱን ቅዳጅ ለቀቀችው።

«ይህን ለማለት ያ ሁሉ ጣት ምን ያደርጋል?»

«ይህን አልነበረም የምለው። ሌላ ነበር የምለው። ግን ማለት የፈለግሁት ይህን ነበር።»

«እሺ» አለች። «ገብቶኛል። እኔም ከሥራ ስወጣ የማዝዘው ሰው የለኝም፤ ድመት ነበረችኝ፣ እሷም አትሰማም ነበር።» ካፖርቱን አጣጠፈችው። «በሚቀጥለው ወር የደሴቱ ጣቢያ ይከፈታል። ትመለሺያለሽ ወይስ እዚሁ ትቀሪያለሽ ብለው ጠይቀውኛል። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠኋቸውም። እዚህ ቁልቁለቱ ይረዝማል። ለንግግር ይበቃል።»

«እኔ ደሴቱ ላይ ነው የምኖረው» አልኳት። «እዚያ ያለው ደግሞ አዲስ ይሆናል። አዲስ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።»

«አይቀመጡም! ያልኩዎት አይገባዎትም?»

ጮኸችብኝ፤ በዚያች በቀጭኗ ድምፅ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። እኔ ሳቅሁ።

ፈረቃዋ እስኪያልቅ አግዳሚው ላይ ጠበቅኋት። ባቡሮቹን ስቆጥር እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ትከሻዬን ነቅንቃ ቀሰቀሰችኝ። የደንብ ልብሷን ቀይራ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች፤ የእኔን ካፖርት በከረጢት ይዛለች፤ ቤት ወስጄ አያለሁ፣ ካልሆነም ጃኬት ይወጣዋል አለች። ገበያ ሄዳ ኮሪዩሽካ እንደምትገዛ፣ ብቻዋን ስትጠብሰው ሁልጊዜ እንደሚተርፍ ነገረችኝ። እኔ ዓሣው የሚነከርበት ዱቄት በጣም ስስ መሆን አለበት አልኩ። እሷ እንዲያ ከሆነ ይቃጠላል አለች። በዚህ ላይ ብዙ የምለው ነበረኝ።

ወደ ላይ የሚወጣውን ደረጃ ረገጥን። እሷ ቀድማ ከእኔ ከፍ ብላ ቆመችና ዞረች። በከተማችን ወጣቶች እንዲህ ነው የሚቆሙት፤ አጭሩ ከፍ ያለው ደረጃ ላይ ይቆማል፣ ፊትና ፊት ይሆናሉ፣ እስከ ላይ ድረስ ዓለም አይታያቸውም። ፊቷ ከፊቴ ጋር እኩል ሆነ። ሽበቷ ጆሮዋ ላይ ነው፤ ከንፈሯ ላይ ጥቂት የተሰነጣጠቀ ቀለም አለ። ከኋላዋ መብራቶቹ ወደ ታች ይወርዳሉ።

«ኒኔል ማትቬዬቭና!» አለ የዚናይዳ ድምፅ ከጣሪያው፣ ከሁሉም መብራት። «ወደምትሄጂበት ዙሪ! ሕፃን ነሽ እንዴ?»

ሰዎች ሳቁ። እሷ አልዞረችም። አንድ ነገር አለች፤ ከደረጃው ጫጫታ የተነሳ አልሰማሁትም። ጣቴን አላነሳሁም፣ አልተከራከርኩም። ለመስማት ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።